ቢጫ ክሮከስን በቅርፊቱ ለዩት

አውሮፓ ሆናችሁ ክሮከስ የተባለውን ትንሽ አበባ የምትተክሉ ካላችሁ፣ ዝርያውን በአበባው ቀለም ለመለየት አትድከሙ። ክረምቱ ሲገባደድ ብቅ የሚሉት ቢጫዎቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። ቁም ነገሩ ያለው ከአፈር ስር ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ሽንኩርት የምትመስለዋን ድቡልቡል አውጡና ቅርፊቷን እዩ። ግርጌዋ ላይ ቅርፊቱ እንደ ቀለበት ዙሪያውን እየተቆረጠ የሚላቀቅ ከሆነ ክሮከስ ክሪሳንተስ ሊሆን ይችላል። እንደ መረብ የተጠላለፈ ጭረት ካለው ደግሞ የቱርኩ ክሮከስ አንሲረንሲስን ጠርጥሩ። ሻጮች ስም ያቀላቅላሉ፤ ቅርፊቱ ግን አይዋሽም።

አበባው ሲፈነዳ ውስጡን ቁጠሩ። የአበባ ዱቄት የሚሸከሙት ዘንጎች 3 ከሆኑ ክሮከስ ነው። 6 ከሆኑ ኮልቺከም የሚባለው ክሮከስ መሳይ አበባ ነው፣ እሱ ደግሞ ክፉኛ መርዛማ ነው። ልጆች ካሏችሁ ይህቺን አትርሱ።

ብርቅዬዎቹን መሬት ላይ ከመበተን በሸክላ ማሰሮ መያዝ ይሻላል። አፈሩ ላይ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ጨምሩበት፣ ውሃ እንዳያቁር። በመስከረም ወይም በጥቅምት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቃችሁ ትከሉ። ብርዱን አትፍሩላቸው፣ ይፈልጉታል፤ ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ ግን አበባ አትጠብቁ። ካበቡ በኋላ ቅጠሉ ራሱ እስኪደርቅ አትቁረጡት፤ የከርሞውን አበባ የሚቀልበው እሱ ነው። በጋውን ውሃ ቀንሱ። አይጥና ሽኮኮ ለክሮከስ ነፍሳቸው ነው፣ ስለዚህ ማሰሮውን በሽቦ ወንፊት ክደኑት።