ከአዲስ አበባ ባህርዳር የተላከ እቃ ተሰብሮ ቢገኝ ማን ይክፈል?

ከመርካቶ በቴሌግራም ገዝታችሁ እቃው በባስ ወይ በአይሱዙ ባህርዳር ሲገባ ተሰብሮ ከተገኘ ጭቅጭቁ ሁሌ አንድ ነው፣ ሻጩ «ደህና አድርጌ ነው ያስጫንኩት» ይላል፣ ገዢው «ደህና አልደረሰኝም» ይላል፣ ረዳቱ ደሞ «እኔ የተቀበልኩት ካርቶን ነው፣ ውስጡን መች አየሁ»። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል እኮ። ስለዚህ ብሩ በቴሌብር ከመሄዱ በፊት አንድ መስመር ተጻጻፉ፦ ወይ «ባህርዳር መናኸሪያ እስኪደርስ የሻጭ ነው» ወይ «ከተጫነ በኋላ የገዢ ነው»። የቱም ይሁን ግድ የለም፣ ግን ዋጋውም በዛው ይስተካከል፣ ኃላፊነቱን ገዢው ከወሰደ ትንሽ ቢቀነስለት ነውር አይደለም።

ከዛ ማስረጃ። ሻጩ እቃው ቲቪ ከሆነ አብርቶ፣ ሲያሽገው፣ ካርቶኑ ላይ ሲጽፍበት፣ መኪናው ላይ ሲያስጭን፣ ታርጋው ጭምር ሳይቋረጥ ቪዲዮ ይቅረጽ። ደረሰኙ ላይ «1 ካርቶን» ብቻ አይበቃም፣ የእቃው ዓይነትና ዋጋው ይጻፍ። ገዢውም መናኸሪያው ላይ እዛው ቆሞ እየቀረጸ ይክፈት፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ ኮብልስቶኑን እየተንገጫገጨ አባይ ማዶ ቤቱ ካደረሰው በኋላ «ተሰብሮ መጣ» ቢል ማን ያምነዋል? ካርቶኑ ተጨርምቶ ካያችሁ ሳትፈርሙ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ እቃውን ቶሎ አይቶ ጉድለቱን ቶሎ ለሻጭ ማሳወቅ አለበት፣ ሳምንት አስቀምጦ መደወል አያዋጣም።

እሽጉን በተመለከተ የፋብሪካ ካርቶን ብቻውን ፖርቶመጋላ ላይ አይወጣም፣ በተለይ በክረምት። የአባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት ሲያልፍ እቃ እርስበርሱ ይጋጫል፣ ቲቪና መስታወት ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መሄድ የለበትም፣ ዙሪያው ፎም፣ ከውጭ የእንጨት ሳጥን። የሳጥኑን ወጪ ማን እንደሚችል ቀድሞ ተነጋገሩ።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። መኪናው ሦስተኛ ወገን አለው ማለት የናንተ እቃ ተሸፍኗል ማለት አይደለም፣ እሱ ለሌላ ጉዳይ ነው። ለጭነት ለብቻው የሚገባ ሽፋን አለ፣ ሙሉ አይሱዙ ለምታስጭኑ ነጋዴዎች ያዋጣል፣ ለአንድ ስቶቭ ግን ልፋቱ አይመጥንም። ሽፋን ቢኖርም በደንብ ያልታሸገ እቃ ሲሰበር ላይከፍሉ ይችላሉ፣ ከጉዳቱም የመጀመሪያውን የተወሰነ ብር ራሳችሁ የምትችሉበት ውል የተለመደ ነው፣ ሳትፈርሙ አንብቡት። ከጣና አሳ ወደ አዲስ የምትልኩ ደሞ በራሱ ጊዜ የሚበላሽ ነገር በተራ ሽፋን እንደማይካስ እወቁ፣ በረዶውን አብዙ። ከዱባይ በአውሮፕላን ካርጎ የሚመጣ ከሆነ ቅሬታው በጽሁፍ፣ ከተረከባችሁ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ ከራሳችሁ ጋር ያመጣችሁት ሻንጣ ከሆነ በ7 ቀን።

እንግዲህ ተሰብሯል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልታወቀም እንበል። ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ገብቶ «የዋጋውን ግማሽ ግማሽ» ይባላል፣ እኔ ይሄ ትክክል አይመስለኝም። መካፈል ያለበት ዋጋው ሳይሆን ኪሳራው ነው። ቲቪው 28,000 ብር ከሆነና ስክሪኑ ተሰንጥቆ ለመለዋወጫ ሲሸጥ 6,000 ካወጣ የጠፋው 22,000 ነው፣ ገዢው የከፈለው 800 ብር ማጓጓዣ ሲጨመር 22,800፣ ለሁለት ሲካፈል 11,400 በነፍስ ወከፍ። ስብርባሪው ገዢው ጋ ከቀረ ሻጩ 11,400 ይመልስለታል፣ በቃ። ሻጩ ልውሰደው ካለ ግን 6,000ውንም ይጨምራል፣ መመለሻ ማጓጓዣውንም የሚችለው እቃውን የሚወስደው ሰው ነው። ሻጩ ሙሉ ብሩን መልሶ ከሆነና በኋላ ኢንሹራንሱ ከከፈለ ደሞ ብሩ የሻጩ ነው፣ ውሉ በገዢው ስም ቢሆንም ተቀብሎ ያስተላልፍለታል፣ ይሄንንም መጀመሪያ ስትጻጻፉ አስገቡት።