የትውልድ ቦታ አስመራ፣ ቤቱ ፒያሳ፦ ከሩቅ ሆናችሁ ወረቀታችሁን አስተካክሉ

ወላጆቻችሁ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ቤት አላቸው፤ ፓስፖርታችሁ ላይ ደግሞ «የትውልድ ቦታ፦ አስመራ» ይላል። ውክልና ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የትውልድ ቦታ ብቻውን ዜግነትን አይወስንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ከረን ተወለደ፣ ካዛንቺስ ተወለደ፣ ለውጥ የለውም።

ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሚያዝያ 1985 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ አዲስ አበባም ድምፅ ተሰጥቷል። ለመምረጥ የኤርትራዊነት መታወቂያ ማውጣት ግድ ነበር። ያን ካርድ ያወጣ ብዙ ሰው ኢትዮጵያዊነቴን ተውኩ ብሎ አላሰበም። እንደ ድሮው ሥራውን ሠራ፣ ግብሩን ከፈለ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ግን ያው ካርድ ለመባረር ምክንያት ሆነ። ሄግ የተሰየመው የካሳ ይገባኛል ኮሚሽን በ1997 እነዚህ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት ነበራቸው ብሎ ወሰነ። ለተበተነ ቤተሰብ ግን በጣም ዘግይቷል።

በ1996 የወጣው መመሪያ ነገሩን በከፊል አቃለለ። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ኑሮውንም እዚሁ የቀጠለ ሰው የኤርትራን ዜግነት ካልመረጠ ኢትዮጵያዊነቱን እንደጠበቀ ይቆጠራል። የኤርትራ ፓስፖርት የያዘ ግን እንደ ኤርትራዊ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቁ፦ ፓስፖርት አውጥታችሁ ነበር? ጥያቄው ቁስል ይነካል፤ ቀስ ብላችሁ አንሱት።

ለቢጫ ካርድም፣ ማለትም ለትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ይህ መልስ ወሳኝ ነው። አዋጅ 270/1994 ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደን ሰው አያካትትም። ሰው በዚያ ግራ የተጋባ ዘመን በሞላው ቅጽ ዛሬም መለካቱ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም። ሕጉ ግን ሕግ ነውና የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን፣ የቀበሌ መታወቂያችሁን አትጣሉ።

ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ «ለመሸጥ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ስምም ይታይ። ካርታው ላይ «ተክለ»፣ ፓስፖርቱ ላይ «ተኽለ» ከሆነ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ስለሆነ በውክልና አይሸጥም።

በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ እንዳየነው መሀል ከተማ ላይ ጊዜ አይሰጥም። የካርታውንና የግብር ደረሰኙን ቅጂ ዛሬውኑ አስልኩ፤ የምታምኑት ዘመድም ወረዳ ሄዶ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ይይላችሁ።