የባጃጅ መሪ ዘንግ ኩሽኔታ አቀያየር

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ የሚሠራ ባጃጅ ውሎ አድሮ መሪው መንቀጥቀጥ ወይም መሐል ላይ መያዝ መጀመሩ አይቀርም። የፊት ጎማው ቸርኬ ባለ 8 ኢንች ብቻ በመሆኑ በኮብልስቶን መገጣጠሚያዎችና ክረምት በቦረቦረው መንገድ ላይ የሚያርፍበት ምት ወደ መሪው ዘንግ ይወጣል፤ ዘንጉን በሻንሲው ውስጥ ይዘው የሚያዞሩት ደግሞ ከላይና ከታች የተቀመጡት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። ሹፌሩ አብዛኛውን ሰዓት ቀጥ ብሎ ስለሚነዳ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ያሉት ብዮች (ትንንሽ የብረት ኳሶች) እምብዛም አይዞሩም፤ እዚያው በቆሙበት እየተመቱ ግራሶውን ገፍተው ያስወጡታል፣ የሚንከባለሉበትንም ቀለበት ቀስ በቀስ ይሰረጉዱታል። ክብደቱን ተሸካሚና ለጭቃ ቅርብ የሆነው የታችኛው ኩሽኔታ ዘወትር ቀድሞ ያልቃል።

መፍታት ከመጀመሩ በፊት በሽታው በእርግጥ የኩሽኔታው መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጎማ ኩሽኔታ ሲያልቅ ወይም ጎማውን የተሸከመው ክንድ ቡሽ ሲላላ የሚሰማው ድምፅ ከዚህኛው ጋር ይመሳሰላል። የፊቱን አካል በክሪክ አንሥተው በሻንሲው ሥር ጠንካራ ጉማጅ ያስገቡና የፊት ጎማው በአየር ላይ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። ረዳትዎ ጎማውን ከታች ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋው እርስዎ ጣትዎን ዘንጉ ከሻንሲው በሚገናኝበት ክፍተት ላይ ያሳርፉ። እዚያ ቦታ ላይ ጠቅ የሚል እንቅስቃሴ ከተሰማዎት ችግሩ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ዘንጉ ጸጥ ብሎ ጎማው ብቻ ከተወዛወዘ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ቀጥሎ መሪውን በአንድ ጣት በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት። ልክ መሐል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቆም የሚል ከሆነ ቀለበቱ ተሰርጉዷል፤ ይህን ደግሞ ዳዶ ማጥበቅም ሆነ ግራሶ መጨመር አያድነውም። በአንጻሩ ልቅነት ብቻ ኖሮ አዟዙሩ ለስላሳ ከሆነ ማስተካከሉ ብቻ ሊበቃ ስለሚችል ለመለዋወጫ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እሱን መሞከር ተገቢ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል ብዮቹን ብቻ፣ ወይም የታችኛውን ኩሽኔታ ብቻ መቀየር የተለመደ ነው። እኔ አልመክረውም። አዲስ ብይ በተሰረጎደ ቀለበት ላይ ሲቀመጥ የድሮውን ጉድጓድ ይከተላል፣ እሱም ፈጥኖ ይበላል፤ ያ ሁሉ የመፍታት ድካምም ይደገማል። ስለዚህ የላይና የታች ቀለበቶች፣ ብዮችና የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ በአንድነት የተካተቱበትን ሙሉ ስብስብ ይግዙ። የተለያዩ የባጃጅ ሞዴሎች ኩሽኔታ ሁሌ አንድ ስለማይሆን ከማሸጊያው ጽሑፍ ይልቅ የወጣውን አሮጌ ቀለበት ይዞ ሄዶ ማመሳከሩ አስተማማኝ ነው። ብዮቹ የሚንከባለሉበት ገጽ እንደ መስተዋት ካላበራና ጥፍር ሲያልፍበት ጭረት ከተሰማ ለሻጩ ይመልሱለት።

በብዙ ጋራዦች ባጃጁን በጎኑ አጋድሞ መሥራት ልማድ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ የባትሪ አሲድና ነዳጅ ከመፍሰሱም ሌላ የዘንጉን ልቅነት ለመመዘን ተሽከርካሪው መቆም አለበት። ዘንጉ ወደ ታች ወጥቶ እንዲያልቅ ፊቱ በደንብ ከፍ ብሎ በሁለት በኩል ይደገፍ። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከተነቀለና ጎማው ከወለቀ በኋላ ወደ ፊት ጎማ የሚወርደው የፍሬን ቱቦ ይፈታል፤ ጫፉ አፈር እንዳይገባበትና ዘይቱ ቀለም እንዳይልጥ ወዲያውኑ በንጹሕ ነገር ይደፈን። የመሪው ራስ በዘንጉ ላይ የተቀመጠበት አቅጣጫ በቀለም ምልክት ይደረግበትና ማሰሪያ ቡሎኑ ይላላል፤ የፍሪሲዮን፣ የካምቢዮና የነዳጅ ገመዶች ሳይነቀሉ ራሱን ብቻ ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ማንጠልጠል ይቻላል።

ከሥሩ የሚገኙት የመቆለፊያና የማስተካከያ ዳዶዎች ጥርስ ያላቸው ክብ ዳዶዎች ናቸው። በመሮና በመዶሻ እየመቱ መፍታት ጥርሱን ስለሚያበላሸው በኋላ በትክክል ማስተካከል አይቻልም፤ ይልቁንም ልኩ የሆነ የብረት ቱቦ ጫፉን ቶርኖ ቤት አስቆርጦ ቁልፍ ማሠራት ለዘለቄታው ይጠቅማል። የመጨረሻው ዳዶ ከመውጣቱ በፊት ረዳትዎ ዘንጉን ከሥር ይያዝ፤ ልቅ ብዮች ካሉትም እንዳይበተኑ ጨርቅ ይነጠፍ፣ የላይኞቹና የታችኞቹ ለየብቻ ተቆጥረው ይቀመጡ።

በሻንሲው ውስጥ የቀሩት አሮጌ ቀለበቶች ከተቃራኒው በኩል በገባ ረጅም ብረት ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ተመትተው ይወጣሉ፤ አንድ ጎን ብቻ ከተመታ ቀለበቱ ተንጋድዶ መቀመጫውን ይቧጥጣል። በዘንጉ እግር ላይ የተጣበቀው ቀለበት እምቢ ቢል እንኳ የብየዳ እሳት አይነካው፤ የጋለ ዘንግ ጥንካሬውን ያጣል። ሁሉም በናፍታ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዘንጉ አለመጣመሙና አለመሰንጠቁ፣ የዳዶው ጥርስም አለመበላቱ ይታይ።

አዲሱን ቀለበት ለማስገባት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ረጅም ባለ ጥርስ ብረት በሻንሲው ቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ በሁለቱም ጫፍ ወፍራም ላሜራና ዳዶ አድርጎ እየጠበቁ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ያ ካልተገኘ አሮጌው ቀለበት በአዲሱ ጠርዝ ላይ ተገልብጦ ይቀመጥና እሱ ይመታ፤ ብዮቹ የሚሄዱበት ገጽ ግን በምንም ዓይነት አይነካም። ቀለበቱ መቀመጫው ላይ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ዙሪያውን በባትሪ ብርሃን ሲያዩትም ክፍተት መኖር የለበትም። ከዚያ ውኃ የሚቋቋም የሊቲየም ግራሶ በብዙ ይቀባል፤ ልቅ ብዮችን በቦታቸው የሚይዛቸውም እሱ ነው። የብዮቹ ቁጥር ከወጡት ጋር እኩል ይሁን፤ ክፍተት ታየ ብሎ አንድ መጨመር ብዮቹን እርስ በርስ ያፋጫቸዋል።

ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም በማጥበቁ ላይ ነው። መጀመሪያ የማስተካከያው ዳዶ ጠበቅ ይደረግና ዘንጉ ደጋግሞ ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ ይህ ቀለበቶቹንና ብዮቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ዳዶው ይላላና ልቅነቱ እስኪጠፋ ብቻ እንደገና ይጠበቅ። የመቆለፊያው ዳዶ ሲጠብቅ ከሥሩ ያለውን የማስተካከያ ዳዶ ጫን ስለሚለው ከተቆለፈ በኋላ ሁሉም ነገር ዳግም መፈተሽ አለበት፤ ዘንጉ ምንም ሳይወዛወዝ በአንድ ጣት ግፊት ብቻ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ከልቅ ጠባብ ይሻላል ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የጠበቀ መሪ ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ሹፌሩም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ግራና ቀኝ ሲያርም ይውላል፣ አዲሱ ኩሽኔታም ፈጥኖ ይሰረጉዳል።

የመሪው ራስ በምልክቱ መሠረት ተመልሶ፣ ጎማው ተገጥሞ፣ የፍሬን ቱቦው ከታሰረ በኋላ በፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ይወጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን እስከ ጥግ ያዙሩት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የነዳጁ ገመድ የሆነ ቦታ ተወጥሯል ማለት ነውና ሳይስተካከል መንገድ አይወጣም። ቀለበቶቹ ሥራ ላይ ሲውሉ በጥቂቱ ስለሚደላደሉ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ጎማውን አንሥቶ ልቅነቱን እንደገና መለካት፣ በእጥበት ጊዜም የግፊት ውኃውን በቀጥታ ወደ ዘንጉ መገናኛ አለማነጣጠር ያስፈልጋል።