ከበድ ያለ ሰው በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ እንዴት ይጀምራል?

ከበድ ያለ ሰው ብስክሌት ሲጀምር የሚሰጋው ለእግሩና ለትንፋሹ ነው። ሁለቱም በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። ቀድሞ የሚሸነፈው የኋላው ጎማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነውና። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የቆየ የጉልበት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ሌላው ቀጥታ ወደ ብስክሌቱ ይሂድ።

1. የክብደት ጣሪያውን ይወቁ

አምራቹ የፈቀደው ክብደት መመሪያው ላይ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቦርሳውን፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን ራሱን ይጨምራል። 105 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ዕቃ ይዞ 15 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲወጣ 128 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው 120 ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ፍሬሙ ብረት ወይም አሉሚኒየም ቢሆን ይበቃል። ርካሽ ሞላ ያለው የፊት ሹካ (የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ክፍል) ግን ይቅርብዎ፤ ከበድ ባለ ሰው ሥር ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ድካም እንጂ ምቾት አይጨምርም። ለምቾቱ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይሻላል።

2. የኋላውን ጎማ ያስጠብቁ

ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች ይቁጠሩ። ከ32 ያነሱ ከሆኑ አይግዙት፤ 36 ቢሆኑ ደግሞ እሰየው።

ሽቦ የሚበጠሰው ክብደት በዝቶበት ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ላልቶ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ከታች የደረሰው ሽቦ ይላላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል። መጀመሪያውኑ የላላ ከሆነ ግን መሃሉ ጋ ባለው መታጠፊያ ላይ እየተወዛወዘ ይደክምና አንድ ቀን ቀጭ ይላል። በአንድ ጎን ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣትዎ እንደ ክራር ይምቷቸው፤ ድምፃቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ደንዝዞ ከተሰማ ላልቷል። አዲስ ብስክሌትም ቢሆን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ለባለሙያ ሰጥተው ያስወጥሩት፤ ለከባድ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ወጪ የለም። ሽቦ በተከታታይ መበጠስ ከጀመረ አንድ አንዱን መቀየር ልፋት ነው፤ የቀሩትም ደክመዋልና ሁሉንም በአዲስ ያስቀይሩ።

3. አየሩን በጣት ሳይሆን በመለኪያ

የጎማው ጎን ላይ ዝቅተኛውና ከፍተኛው የአየር መጠን ተጽፏል። ለከበደ ሰው የኋላው ወደ ከፍተኛው ይጠጋ፣ የፊተኛው ትንሽ ይነስ፤ ከፍተኛውን ግን አይለፉ። በየሳምንቱ ይለኩ። ካላማዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኙ እሾህ አይደለም፤ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ነክሶታል።

4. መቀመጫውን ያስተካክሉ

ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ይበል። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ ይሄ ነው። የጉልበት ፊት ከታመመ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ከታመመ ከፍ ብሏል። እጅ ከደነዘዘ መሪውን ከፍ ያድርጉ።

ለስላሳና ወፍራም መቀመጫ ያታልላል፤ ለአሥር ደቂቃ ይመቻል፣ ከዚያ ሰውነት እየሰመጠ ስሱን ቦታ ይጫነዋል። ጠንከር ብሎ የመቀመጫ አጥንትዎን ስፋት የሚይዝ ይምረጡ። ጭንና ጭን መፋተጉን የሚያስቀረው ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ነው፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ይልጣል።

5. መንገዱን በዕረፍት ቀን ይሞክሩት

5 ኪሎ ሜትር ለጀማሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በሥራ ቀን 15 ደቂቃ ይጨምሩበት፤ ላብ ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም ይወርዳል፣ ልብስ የሚቀየረው ቀዝቀዝ ካሉ በኋላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሃል እያረፉ ይሂዱ። ዕቃውን በጀርባ ሳይሆን ከኋላ መጫኛው ላይ ያድርጉ።

ማርሹን ያቅልሉ። በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዱ ጉልበትዎ ከ17 እስከ 20 ጊዜ ከፍ ካለ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጉልበትዎ እየከፈለ ነው። ከመቆምዎ በፊት ወደ ቀላሉ ማርሽ ይመለሱ፣ አለበለዚያ ሲነሱ ሙሉ ክብደትዎ ካቴናው ላይ ያርፋል።

ክብደት ሲጨምር ፍሬን የሚያስተናግደው ጉልበትም ይጨምራል። ሁለቱንም ፍሬን አብረው ይያዙ፣ ሰውነትዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ርቀት ይጠብቁ። የፍሬኑ ሸራ ከሌላው ሰው ቶሎ ስለሚያልቅ በየወሩ ይዩት።

መንገድ ላይ ሽቦ ከተበጠሰ ቁራጩን አጠገቡ ባለው ላይ ይጠምጥሙት። ቸርኬው ተጣሞ ፍሬኑን ከነካ የኋላውን ፍሬን ያላሉትና ብስክሌቱን እየገፉ ይሂዱ፤ በአንድ ፍሬን ቁልቁል አይውረዱ።