ማዕከላዊ የከፍተኛ ግፊት እጥበት በፋብሪካ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የእጥበት ማሽን ከክፍል ክፍል እየጎተቱ መዞር አድካሚ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ እርጥብ ወለል ላይ ይጎተታል፣ ማሽኑም ቶሎ ያረጃል። በማዕከላዊው ሲስተም ግን ፓምፑ አንድ ቦታ ይቀመጥና ግፊቱ በቧንቧ ይዳረሳል። ሠራተኛው የሚይዘው የውሃ ጎማውንና መርጫውን ብቻ ነው።

1. ውሃው ተጣርቶ ታንከር ውስጥ ይገባል። ታንከሩ ፓምፑ አየር እንዳይስብ ይረዳል። አገባቡ በትክክል ከተሠራ ደግሞ የቆሸሸ ውሃ ወደ ንጹሁ መስመር እንዳይመለስ ያግዳል።

2. ፓምፑ ውሃውን ይገፋል። ለምግብ ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ለከባድ ቅባትና ጭቃ ከ100 ባር በላይ ያስፈልጋል።

3. ዋናው ብልሃት ያለው መቆጣጠሪያው ላይ ነው። አንድ ሰው ሲያጥብ ቆይቶ ሦስት ሌሎች ቢከፍቱ ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ይህን ወዲያው ያያል፤ መቆጣጠሪያው ሞተሩን ያፈጥናል ወይም ሁለተኛ ፓምፕ ያስነሳል። ሁሉም ሲዘጉ ፓምፑ ይቆማል። እኔ ሲስተም ብመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 15 ሊትር ቢጠቀሙ 60 ሊትር ይሆናል፤ በ120 ባር ውሃውን ለመግፋት ብቻ 12 ኪሎዋት ይጠይቃል። አንድ ሰው ብቻ በሚያጥብበት ሰዓት ይህን ሁሉ ኃይል ማባከን ለምን? መቆጣጠሪያው ቢሳሳት እንኳ ቧንቧው እንዳይፈነዳ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የግድ ነው።

4. ውሃው በማይዝግ ብረት ቧንቧ ወደ መውጫዎቹ ይሄዳል። በቀጭን ቧንቧ ቆጥቤያለሁ የሚል ሰው በኋላ ይከፍላል፦ በአንድ ቧንቧ የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ሲሆን በመንገድ የሚጠፋው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

5. አሁን እጥበቱ ይጀመራል። ደረቁን ቆሻሻ መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ አለቅልቁ። የማጽጃውን አረፋ በዝቅተኛ ግፊት ከታች ወደ ላይ ቀቡ፤ ሳይደርቅ እጠቡት። ምግብ በሚመረትበት ቦታ የወለል ፍሳሽ ጉድጓድን በኃይለኛ ግፊት አትምቱ። ጀርሙ ከሚረጨው የውሃ ጉም ጋር ተነስቶ የታጠበው ዕቃ ላይ ያርፋል።

መርጫውን ወደ ሰው ፈጽሞ አታዙሩ። ውሃው ቆዳ በስቶ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሰውየው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ሲጨርሱም መጀመሪያ የመውጫውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ከዚያ የመርጫውን ምላጭ ስበው የቀረውን ግፊት ያስወጡ። ጎማው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው።