ከድሬዳዋ ሐረር በሦስት ቀን፦ የተራራውን መንገድ ሳትቸኩሉ እንዴት እንደምትጓዙ

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ወጥቶ፣ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ሐረር፣ ዞሮ፣ ማታ ድሬ ይመለሳል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የማደርገው። አንድ ጊዜ ቁልቢ አደርኩ። ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ቀስ እያለ ሲነሳ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ በአንድ ቀን መጨረስ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ሦስት ቀን ስጡት፤ ሁለት ሌሊት ተራራው ላይ እደሩ።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ክረምቱ አልፏል፣ ማሽላው ደርሷል፣ እርከኑ ገና አረንጓዴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ መንገዱን ይሸፍናል፤ ናዳም አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ለመሳለም ካልሆነ በቀር በእነዚያ ሰሞን ለሽርሽር አትውጡ። አልጋ አይገኝም፤ መንገዱም በምእመናንና በመኪና ይሞላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደህንነት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ። ትናንት ያለፈ ሰው የሚነግራችሁን ያህል ትክክለኛ ወሬ የለም።

መኪናውን አዘጋጁ

ፍሬን፣ ጎማ፣ የራዲያተር ውሃ ይታይ። ስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ነዳጅ ድሬዳዋ ሙሉ፤ ላይ እናገኛለን አትበሉ። ጥሬ ብርም ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም። ድሬ ላይ በላብ ተጠምቃችሁ ስትነሱ ጃኬት መያዝ ሞኝነት ይመስላል። ያዙ። ጋቢ ከጨመራችሁም ማታ ታመሰግኑኛላችሁ።

መኪና ከሌላችሁ በሚኒባስ ይቻላል። ወረድ፣ ሳፈር እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ሻንጣችሁ ግን ትንሽ ይሁን፣ ጭን ላይ የሚያዝ።

ደንገጎን በጠዋት ውጡ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የደንገጎ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣችኋል። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው በዚህ ዳገት ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ድረስ እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበደና ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከግርጌው ቆመ። እዚያ የተቆረቆረችውን ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። እየወጣችሁ ወደ ኋላ ስትመለከቱ ሜዳው ላይ የተዘረጋችው ከተማ ትታያችኋለች። ያኔ የባቡሩ መሐንዲሶች ምን እንደገጠማቸው ይገባችኋል።

ለማየት ካማራችሁ ኩርባ ላይ አትቁሙ። ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። ጫት የጫኑ መኪኖች ደግሞ ጊዜ የላቸውም። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበትና ይበራሉ። ከኋላ ጥሩምባ ስትሰሙ ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው። እልህ አትጋቡ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ሐረር ነው። እናንተ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ቁልቢ

በቀርሳ በኩል ወደ ቁልቢ ያለው መንገድ የጉዞው ምርጡ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ተራራው ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሠርቷል። ማሽላው፣ ጫቱ፣ ድንቹ እንደ ጥልፍ ተደርድሯል። አየሩ ከጠራ ከጋራ ሙለታ ጋር ትተያያላችሁ፤ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ገበሬዎቹ አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። «አካም ጅርታ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ ከዐድዋ ድል በኋላ። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉትም እዚሁ ቁልቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማችሁ ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ጨለንቆ ዝለቁ። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂና የንጉሥ ምኒልክ ጦር የተዋጉበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ወድቆበታልና በአክብሮት እለፉት። ከዚያ ለማደር ቁልቢ ተመለሱ።

አሁን ስለ አልጋ። የገጠር ከተማ ሆቴል በምልክት ሰሌዳው አይመረጥም። አሠራሬ እንዲህ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እደርሳለሁ። አንድ ጊዜ በስልክ ያስያዝኩት ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠብቆኛል፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ በብርድ ነው ያሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ በጊዜ መድረስን ከቀጠሮ አስበልጣለሁ። ክፍሉን ሳላይ አልከፍልም። ገብቼ መጀመሪያ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ውሃ ከሌለ በባልዲ ይመጣ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ትኩስ ከሆነማ እሰየው። አንሶላውን እገልጣለሁ። የበሩን ቁልፍ ከውስጥ እሞክራለሁ። ከዚያ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ አያለሁ። ወደ መንገድ ከሆነ የከባድ መኪና ድምፅ ያነጋችኋል። ከጓሮ፣ ከመጠጥ ቤቱ የራቀ ክፍል ጠይቁ። መኪና የሚያድርበት ግቢና ዘበኛ መኖሩንም አትርሱ።

እራት ከፈለጋችሁ ገና ስትገቡ እዘዙ። ትንሽ ቤት ለእናንተ ብሎ ነው የሚሠራው። ባለቤቷን «እናቴ፣ ዛሬ ምን ሠርታችኋል?» ብትሏት ከሜኑው የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ። ቤት ያፈራው ሽሮ በእንደዚያ ያለ ብርድ ከምንም ይበልጣል።

ሁለተኛው ሌሊት፦ ጀጎል ውስጥ

ጠዋት ወደ ደንገጎ ተመልሳችሁ ወደ ሐረር ቀጥሉ። ሐረማያ ላይ ለሐይቁ ስትሉ ቁሙ። ውሃው ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። ባለፉት ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙ ያስደስታል። አወዳይን በጫት ገበያዋ ታውቋታላችሁ፤ እዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ሐረር ስትደርሱ ጀጎል ውስጥ ካሉት የአደሬ ቤቶች እንግዳ የሚቀበሉ አሉ። ክፍል ጥቂት ስለሆነ ይኼኛውን ቀድማችሁ ደውሉለት። መኪናውን ከግንቡ ውጭ አቁሙ፤ መንገዶቹ ለእግርና ለአህያ ነው የተሠሩት። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ሳሎኑ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ ነው። ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው። የትኛው መደብ ላይ እንደምትቀመጡ ባለቤቶቹ ያሳዩአችሁ። ቁጢ ካቀረቡላችሁ እንቢ አትበሉ፤ የቡና ቅጠል በወተት ተፈልቶ ነው። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ሄዳችሁ እዩ።

ሦስተኛው ቀን፦ ባቢሌና መመለሻ

ማልዳችሁ ወደ ባቢሌ ውረዱ፣ ሠላሳ ያህል ኪሎ ሜትር ነው። የኤረር ሸለቆ ቆላ ነው፤ ውሃ ያዙ። ከባቢሌ አለፍ ብሎ ዳካታ ላይ ግዙፍ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ቆመው ታያላችሁ። ለቤታችሁ የባቢሌን ለውዝ ሸምቱ።

ከቀትር በኋላ በሐረር አድርጋችሁ ወደ ደንገጎ ተመለሱ። ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ማርሽ ቀንሱ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ የረገጠ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይለዋል። የጎማ ሽታ ከመጣ ቆማችሁ አስበርዱት፣ ውሃ አታፍስሱበት። ሳይመሽ ጨርሱት። ጃኬታችሁን እዚያው ላይ አውልቁ፤ ጥቂት ኩርባ እንደወረዳችሁ የድሬ ሙቀት በመስኮት ይቀበላችኋል።