የሀገር በቀል ዘርን እንደግፋለን ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ ካነሰበት አንድ ክረምት በኋላ፣ የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ሆነን ገንዘብ አዋጣን። ወሎ ውስጥ ላሉ ወገኖቻችን የማሽላ ዘር ልንገዛ ነበር፤ ገዛንም። ቶሎ የሚደርስ፣ ነጭ፣ አጭር ማሽላ ነበር። መስከረም ሳይወጣ እሸት ያዘ። የጎረቤት ማሳ ገና ለጋ ስለነበረ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እዚያው ሰፈረ። በታኅሣሥ ልናይ ስንሄድ አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ፍሬውንስ ወፍ በላው፤ አገዳውስ? ለከብቶቼ ምን ልስጥ? በምንስ ልጋግር?» የሀገሬው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል። አገዳው መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። እኛ ያየነው ፍሬውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዘር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ገበሬዎችን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ከፊሎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

1. ሳይጠይቁ ዘር ገዝቶ ማደል

ከድርቅ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ዘር እንላክ?» መሆን የለበትም። «የትኛው ዘር ጠፋባችሁ? የትኛውስ ከጎረቤት ቀበሌ ይገኛል?» መባል አለበት። ብዙ ጊዜ ዘሩ ከአካባቢው አልጠፋም። የጠፋው መግዣው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለገበሬው ገንዘቡን መስጠት ወይም ከቅርብ ገበያ የሚያውቀውን ዘር ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ከሩቅ ከሚመጣ ጆንያ ይሻላል።

ገበሬው ዝናቡን የሚጠብቀው በአንድ ዘር አይደለም። ዝናቡ በሚያዝያ ከጣለ ረጅሙን ማሽላ ይዘራል። ያ ከከሸፈበት ወደ አጭሩ ማሽላ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ያደርጋል። ይህ ደረጃ በደረጃ የሚወረድበት መሰላል ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ በእጅ ያለ ዘር ይፈልጋል። አንድ ዓይነት ዘር አድለን ስንመለስ ከመሰላሉ አንዱን እርከን ብቻ ሰጥተን መሄዳችን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዘርን ለማዳን አንዳንዴ መላክ ያለበት ዘር ሳይሆን ቀለብ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ፣ ተሸጠ። ልጅ እየራበው ለዘር የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም፤ ይህንንም ማንም ሊፈርድበት አይችልም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበረው የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ሠራተኞች በድርቅ ወደ ተመቱ አካባቢዎች እየሄዱ ዘሩ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት ሰበሰቡ። ዛሬም እርዳታው የሚደርሰው የዘር ቅሉ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

2. «ምርጥ ዘር» እና «ተራ ዘር» ብሎ መናገር

«ምርጥ ዘር» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል ሆኖ ከመቅረቱ የተነሣ በውስጡ ያለውን ፍርድ አናስተውለውም። አንዱ ምርጥ ከተባለ ሌላው ምን ሊባል ነው? የወሎ ገበሬ ማሽላዎቹን «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ»፣ «ስንዴ ለምኔ» ብሎ ሲጠራቸው ምርጫውን በስማቸው ላይ አኑሮታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም በተሰበሰበ የማሽላ ክምችት ውስጥ በላይሲን የበለጸገ ማሽላ ሲፈልጉ ያገኙት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነበር። ላይሲን ሰውነት ራሱ የማይሠራውና ከምግብ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ማሽላ ደግሞ በባሕርይው ይጎድለዋል። የወሎ ሰው ያንን እህል በእሸቱ ጠብሶ ሲበላ የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ የበሽታ መከላከያ ዘረ መልም የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ አድኗል።

ስለዚህ «የገበሬው ዘር» እንበል። የእያንዳንዱንም ስም እንጥራ፤ ስሙ የጠፋበት ዘር እርስ በርሱ መለየት ሲያቅት ማንም ሳያስተውለው ይጠፋል።

3. በብርድ ክፍል የገባ ዘር ድኗል ብሎ ማሰብ

ይህን ስህተት የሚሠሩት ዘሩን ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

ከላይ ያነሣሁት የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል፣ ማለትም ዘርን በብርድ ክፍል የሚያስቀምጠው የኢትዮጵያ ጂን ባንክ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ ተቋቋመ። ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ ከ80 ሺህ በላይ ናሙናዎችን ይዟል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን ማዕከሉን ለዚህ ካበቁት ሰዎች ዋነኛው ዶክተር መላኩ ወረደ በብርድ ክፍሉ ብቻ አልረኩም። ዘር ከገበሬው ማሳ ከወጣ ሕይወቱን ያጣል ብለው ስለሚያምኑ ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ እየዘራ የሚጠብቅበትን መንገድ ዘረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረዶ ቤት ያለ ዘር ዕድሜው ይቆማል፤ አየሩ፣ ዋጉና ተባዩ ግን አይቆሙም። በማሳ ያለው ዘር በየዓመቱ ይፈተናል፣ ገበሬው በየዓመቱ ይመርጠዋል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ናሙናው የተወሰደበት ዘርና ዛሬ በማሳው ያለው አንድ አይደሉም። ደግሞም ዘሩ ባንክ ገብቶ ዕውቀቱ ግን አልገባም፦ መቼ እንደሚዘራ፣ በየትኛው አፈር እንደሚሆን፣ ለቆሎ ይሁን ለጠላ።

ሁለቱን የሚያገናኘው የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ነው። በምሥራቅ ሸዋ እጀሬ ያለው ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይነሣል። ገበሬው ዘር ይበደራል፣ ሲያመርት ጨምሮ በዘር ይመልሳል። የዳቦ ስንዴ ከማሳው አስወጥቷቸው የነበሩ ነባር የዱረም ስንዴ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ወደ ማሳ ተመልሰዋል። የምትደግፉት የዘር ባንክ ካለ ጎተራው መሙላቱን ብቻ አትጠይቁ። ዘንድሮ ስንት ቤተሰብ ተበድሮ ዘራ? ስንቱስ መለሰ? ሞልቶ የሚከርም የዘር ባንክ መጋዘን ሆኗል ማለት ነው።

4. ድብልቁን «ማጥራት»

በትግራይ ሐንፈጽ፣ በአማራ አካባቢዎች ዱራግና የሚባል የስንዴና የገብስ ድብልቅ አለ። ሆን ተብሎ አብሮ የሚዘራ፣ አብሮ የሚታጨድ፣ አብሮ የሚፈጭ ነው። ዝናብ ሲያጥር ገብሱ ያመልጣል፤ ሲጠግብ ስንዴው ይበረክታል። አንድ ቅን ባለሙያ ይህን አይቶ «ንጽሕና የለውም» ብሎ ሊለያየው ቢነሣ የገበሬውን መድን እያፈረሰ ነው። በአንድ ማሽላ ማሳ ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት ቆሞ ሲታይም እንዲሁ ነው፤ ከመንቀል በፊት መጠየቅ ይገባል።

5. ከወንዶች ጋር ብቻ ተሰብስቦ መመለስ

የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚመጣው አባወራው ነው። ዘሩን የምታስቀምጠው፣ ለእንጀራ ሲሆን ሊጡ እንዴት እንደሚይዝ፣ የቱ ቆሎ ጥርስ እንደማይሰብር የምታውቀው ግን እማወራዋ ናት። በእንሰት አገር ደግሞ ከመፋቅ እስከ ማብላላት ሥራው የሴቶች ነው፤ የትኛው እንሰት ለቡላ፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በትግራዩ ሐገረ ሰላምና በአማራ ክልሉ ገረገራ ወንድና ሴት ገበሬዎች 400 ያህል የዱረም ስንዴ ዓይነቶችን በየማሳው ዞረው ነጥብ እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር። የሰጡት ነጥብ ከዘረ መል ጥናት ጋር ጎን ለጎን ሊተነተን የሚችል ዕውቀት ሆኖ ተገኝቷል። መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

እኛም ያንን አጭር ማሽላ ከመግዛታችን በፊት አንዲት ሴት ጠይቀን ቢሆን ስለ አገዳው በሰማን ነበር።

6. ዘርን ከአውድማ መምረጥ

ይህኛው ለዘሪው ለራሱ ነው፤ በተለይ በጓሮው ዘር መጠበቅ ለጀመረ የከተማ ሰው። እህሉ ከተወቃ በኋላ ከክምሩ ትልልቁን ፍሬ ማፈስ ፍሬን እንጂ ተክልን መምረጥ አይደለም። ተክሉ ሳይታጨድ እየዞሩ ማየት ያስፈልጋል፦ ያልወደቀው፣ ዋግ ያልነካው፣ በጊዜው የደረሰው የትኛው ነው? ምልክት ይታሰርበት። ከማሳው ዳርና ከፍግ ክምር አጠገብ ያለው አያታልላችሁ፤ እሱን ያሳመረው አፈሩ ሊሆን ይችላል።

ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ያራባሉ፤ ስለዚህ ለመጠበቅ ቀላል ናቸው። በቆሎን ነፋስ፣ ኑግን ንብ ያዳቅሏቸዋል። የበቆሎ ዘር ከማሳው መካከል፣ ከሁለት ሦስት ራስ ሳይሆን ከብዙ ራስ ይወሰድ፤ አለዚያ ዘሩ ከዓመት ዓመት ይደክማል። ድቅል በቆሎን መልሶ መዝራትማ የመጀመሪያውን ዓመት ምርት አይመልስም። ይህ የገበሬው ስንፍና አይደለም፣ የድቅሉ ባሕርይ ነው።

አቀማመጥ ላይ ብዙ ዘር የሚያልቀው በእርጥበት ነው። ፍሬውን በጥርስ ንከሱት፤ ጥርስ ከሰረጎደበት አልደረቀም፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ያልደረቀ ዘር በፕላስቲክ ከረጢት ማሰር ማፈን ነው። ቅል ውስጥ ከአመድ ጋር፣ ወይም ከጭስ በላይ ተሰቅሎ፣ ወይም ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ጤፉ ክፍተቱን ስለሚሞላው ነቀዝ መተላለፊያ ያጣል። ከመዝሪያው በፊት መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ።

7. ምርምርን ጠላት ማድረግ

ለነባር ዘር የሚከራከሩ አንዳንድ ሰዎች ከምርምር ጣቢያ የወጣ ነገር ሁሉ መርዝ ያስመስሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ ጤፍ የተገኘው ማኛና ዱከም የሚባሉትን በማዳቀል ነው፤ መነሻቸውም የገበሬው ጤፍ ነው። ገበሬው ቁንጮን ወድዶ ቢዘራ መብቱ ነው። የሚያሰጋው አንድ ዝርያ አገሩን ሁሉ ሲሸፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሣ ኩብሳና ገለማ የተባሉት በስፋት የተዘሩ ስንዴዎች ክፉኛ ተመቱ። ገበሬው አዲሱን ሲዘራ የአባቱንም ዘር በአንድ እርከን ላይ እንዲያቆይ ማገዝ ይቻላል።

8. ዘርን በሻንጣ ይዞ መውጣት

ውጭ አገር ለምንኖረው ወገኖች ነው። ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ ጓሮ ተብሎ የሚያዝ ጥቂት የጎመን ወይም የጤፍ ዘር ንጹሕ ናፍቆት ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን የመድረሻው አገር ኳራንቲን የተክል ጤና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥንቃቄው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጥቅም ለመጋራት ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራርሞ ጤፍ ወሰደ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያቀረበው የፓተንት ጥያቄ በአውሮፓ በ2007 ጸደቀለት፤ በ2009 ከሠረ። ለኢትዮጵያ ገበሬ የረባ ነገር ሳይደርሰው ፓተንቱ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ለብዙ ዓመታት ልባችንን አቁስሎታል።

9. ዘሩን ጠብቁ እያሉ ምርቱን አለመግዛት

ገበሬው ቀይ ማሽላ ይጠብቅልን እንላለን፤ ገበያ ስንወጣ ግን ነጩን ማኛ እንፈልጋለን። ነጋዴውም የማይፈለገውን ከገበሬው አይገዛም፣ ቢገዛም ዋጋ ሰብሮ ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ ድሀ ቤተሰብ ለሀገር ቅርስ ሲል መሬቱን እንዲያጎድል መጠየቅ ግፍ ነው። ዋጋው ከመዘራቱ በፊት መነገር አለበት፤ መጠኑም እንዲሁ።

የኛ ማኅበር ዘር መግዛት ትቷል። አሁን በየዓመቱ በሚያዝያ ከእማወራዎቹ ጋር ተቀምጠን ምን ሊዘሩ እንዳሰቡ እንጠይቃለን። አዲስ አበባ ያሉ አባሎቻችን በታኅሣሥ ስንት ቁና እንደሚወስዱና በስንት እንደሚወስዱ ያን ቀን ለእማወራዎቹ ይነገራቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት የተስማሙት አራት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ስለ አገዳው የጠየቁን እናት ከአራቱ አንዷ ናቸው፤ ማር ጩቄ ከቤታቸው ስለጠፋ ዘሩን ከወንዝ ማዶ ካለች ዘመዳቸው አንድ ቅል ተበድረው አመጡ። ባለፈው ታኅሣሥ ሁለት ቅል መለሱላት።